የተጣበቀ ሞተር በጉልበት አይፈታም

ኤንትሬን የማያውቅ ገበሬ ማን አለ? አፍንጫ የሌላት፣ መሪዋ በስተቀኝ የሆነ፣ ዳገት ስትወጣ ድምጿ ከማዶ የሚሰማ የጣሊያን ፊያት የጭነት መኪና ናት። ፋብሪካዋ 682 ኤን 3 ብሎ ሰየማት። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዓይነት መኪናዎች መሠራት የጀመሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ነው። ሞተሯ በናፍጣ የሚሠራ ባለ 6 ሲሊንደር ነው። የአሰብን መንገድ ለብዙ ዓመት ተመላልሳበታለች።

ታዲያ እንዲህ ያለች መኪና ዛፍ ሥር ቆማ ሁለት ሦስት ክረምት ካለፋት ሞተሯ አልዞር ይላል። ያን ጊዜ ሰው ይሰበሰባል። «ማርሽ አስገቡና በሌላ መኪና ጎትቷት!» የሚል አይጠፋም። ኧረ ተዉ! እንዲህ የተጎተተ ሞተር ቢየላው ይጣመማል፣ የፒስተኑ ፋሻ ይሰበራል። በትንሽ ገንዘብ ይድን የነበረ ሞተር ያን ዕለት ይሞታል።

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ሞተሩ የተጣበቀው ቆሞ ሳለ ነው ወይስ እየሠራ ሳለ? እየሠራ ሳለ ዘይት ወይም ውሃ አልቆበት በሙቀት ከተያዘ ብረት ከብረት ተፋፍቋል። ይህ በማራስ አይድንም፤ ተፈቶ መታየት አለበት። ቆሞ የተጣበቀ ከሆነ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዝገት ነው። ዝናብ በጭስ መውጫው ይገባል። ፒስተኑና ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ በዝገት ይያያዛሉ። ለዚህ መድኃኒት አለው።

ጥፋቱ በእርግጥ የሞተሩ መሆኑንም አጣሩ። ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። የሞተሪኖው ጥርስ ቮላኖው ላይ ነክሶ ቀርቶ እንደሆነ ፈታችሁ እዩ። ቺንጋውንም አውልቁ፤ አንዳንዴ የተጣበቀው የውሃው ፖምፓ ነው።

ከዚያ ኢንጀክተሮቹን ሁሉ ንቀሉ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ መውጫ ያግኝ። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ሞተሩ በግድ ሲዞር ቢየላውን ያጣምማል። ከሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ቀስ ብላችሁ ስትፈቱ ከዘይቱ በፊት ውሃ ከወጣ፣ ዘይቱም ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ከታች ይተኛል።

አሁን ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ በስድስቱም ቀዳዳ አፍስሱ። አንዱን ብትዘሉ እሱ ብቻውን ሞተሩን ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ ጠብቁ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ሳምንት ይሁን፤ በየቀኑም ጨምሩበት። በሳምንቱ በረጅም ብረት የቮላኖውን ጥርስ ይዛችሁ ሞክሩ። ወደ ፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት። የጣት ውፍረት ያህል ከተንቀሳቀሰ ደስ ይበላችሁ፤ ግን አትቸኩሉ። እንቢ ካለ ቴስታታው ይውረድ። ፒስተን እንጨት ተደግፎበት ይመታል እንጂ በብረት አይነካም።

ዞረ ብላችሁ ወዲያው አታስነሱት። ያፈሰሳችሁት ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዷልና ዘይቱ ይቀየር። ኢንጀክተሮቹ ሳይገቡ ብዙ ዙር አዙሩት፤ ፊታችሁን ከቀዳዳዎቹ አርቁ። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። ለረጅም ጊዜ የቆመ የናፍጣ ፖምፓ ውስጡ ተጣብቆ ናፍጣ ከልክ በላይ ይለቅ ይሆናል። ሞተሩ እንደተነሳ እየጮኸ ይፈጥናል፤ አጥፉት ቢሉትም እንቢ ይላል። ስለዚህ የአየር ማጣሪያው ወልቆ፣ አንድ ሰው የአየር መግቢያውን የሚከድን ጣውላ ይዞ ይቁም። አየር ሲያጣ ይጠፋል። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሞከርም፤ ስቦ ይወስዳል።

ሞተሩ ጨርሶ ካልዳነ ሌላ ይገዛል። የማኅበር ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «የኤንትሬ ነው» ይላል። ቃሉን አትመኑ። ሞተሩ ገላ ላይ የተመታውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከሻጩ ሊብሬ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። ቁጥሩ ካልገጠመ ንብረቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሳትከፍሉ በእጅ አዙሩት። ሜትርም ያዙ። የሞተር እግሮቹን ርቀት፣ የቮላኖውን ቤት ብሎኖች ለኩ። ወደ ፍሪሲዮኑ የሚገባውን የካምቢዮ ዘንግ ጥርስ ቁጠሩ። በእኔ አስተያየት ኃይለኛ ነው ከሚባል ባዕድ ሞተር የራሷ ዓይነት አሮጌ ሞተር ይሻላል። ባዕዱ ከካምቢዮዋ ጋር ካልተስማማ ዳገት ላይ ታለቅሳለች።

ሞተር ብዙ ኩንታል ይመዝናል። በዛፍ ቅርንጫፍና በገመድ አይነሳም፤ ማንሻ ያለው ጋራዥ ይሥራው። ሲፈታ ከእናንተ አንዱ ደብተር ይዞ ይቁም፤ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ይጻፍ። ሞተሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አስመዝግቡ። አለዚያ ኬላ ላይ ቁጥር የታየ ዕለት መኪናዋ እህሉን እንደተጫነች ትቆማለች።