ዕቃ ከተለወጠ በኋላ መሪው ለምን ይዘማል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ መንገድ ጨው፥ ስኳርና ሳሙና አውርዶ እህልና የሐይቁን ዓሣ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ፥ መኪናው ከጋራዥ በወጣ ማግሥት አንድ እንግዳ ነገር ያስተውል ይሆናል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። መሪውን ሲያቀናው ደግሞ መኪናው ወደ ዳር ይወጣል። የተለወጠው ዕቃ ግን አዲስ ነው፤ ዋጋውም ተከፍሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ጫፉ ላይ ኳስ አለው። ይህ ጫፍ በጥርስ እየተጠመዘዘ ስለሚገባ የዘንጉ ርዝመት የሚወሰነው በዙሩ ብዛት ነው። ሠራተኛው አሮጌውን ሲፈታ ዙሩን ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ማስገባቱ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊረዝም ወይም ሊያጥር ስለሚችል ቆጠራው ብቻ አይበቃም። ከኳሱ መካከል አንሥቶ በዘንጉ ላይ እስከ ተደረገ ምልክት ድረስ መለካት ይበልጣል። የመለዋወጫ ነጋዴዎቻችንም ከመሸጣቸው በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተኝተው ለደንበኛው ቢያሳዩ የብዙ ሰው ገንዘብ በዳነ ነበር።

አቋራጩ መፍትሔ መሪውን ነቅሎ አቅንቶ መትከል ነው። ደንበኛው በዚያው ሰዓት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ግን እንደ ተዛቡ ናቸው። በጭነት መኪኖች የመሪው ሳጥን ጥርስ ጠበቅ ብሎ የሚገጥመው በመካከሉ ላይ ስለ ሆነ፥ ከመካከሉ ውጭ ሲነዳ መሪው ይላላል፤ ወደ አንዱ ወገን መታጠፊያውም ያጥራል። ይህም ቁልቁለት ላይ ጭነት ለያዘ ሾፌር ቀላል ነገር አይደለም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ከመሪው ሥር የአየር ከረጢት ሽቦ ስላለ ያለ ዕውቀት መንካቱ አደገኛ ነው። መሪው ራሱ ቀድሞ ተነቅሎ በስሕተት የተተከለ እንደ ሆነ ብቻ ይህ አቋራጭ ትክክለኛ ሥራ ይሆናል።

ትክክለኛው አሠራር የጎማዎቹን ነፋስ እኩል አድርጎ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በማዞር ዙሩን መቁጠርና እኩሌታውን መመለስ ነው። መሪው በዚያ ላይ ታስሮ ይቆምና የፊት ጎማዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ይመረመራል። በግራና በቀኝ ዘንግ ባላቸው ትናንሽ መኪኖች አንዱ ዘንግ በረዘመበት ልክ ሌላው ያጥራል። በብዙዎቹ አንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነና መሪውን ወደ 10 ዲግሪ ስለሚያንቀሳቅሰው በግማሽ ዙር መጀመር ይሻላል።

በአይሱዙና በመሰሎቹ የጭነት መኪኖች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱን ጎማዎች እርስ በርስ የሚያያይዘው ዘንግ የጎማዎቹን አቅጣጫ ይወስናል፤ ከመሪው ሳጥን ወጥቶ ወደ ጎማው የሚሄደው ደግሞ የመሪውን መካከል ይወስናል። የዘመመ መሪ የሚቃናው በዚህ በሁለተኛው ነው። ይህን ሳይለይ የመጀመሪያውን የሚያዞር ሠራተኛ መሪውን ሳያቀና ጎማውን ያስበላል።

ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊመረምር ይችላል። ከጥቂት ሳምንት ጉዞ በኋላ መዳፉን በፊት ጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳልፍ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፥ በሌላው እንደ መጋዝ ስል ሆኖ ከተሰማው፥ ጎማው ሳያልቅበት መኪናውን የአላይመንት መሣሪያ ወዳለበት ጋራዥ ይውሰድ።