የቴስቶስትሮን ቅባት ለሴቶች፦ ለማንና በምን ያህል መጠን?

ቴስቶስትሮን በተለምዶ የወንዶች ሆርሞን ተብሎ ቢታወቅም፣ በሴቶች ሰውነት ውስጥም በእንቁላል ማመንጫዎችና ከኩላሊት በላይ በሚገኙ ዕጢዎች ይመረታል። መጠኑ ከወጣትነት ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሲሆን፣ የእንቁላል ማመንጫዎቻቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሴቶች ላይ ግን በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ያሽቆለቁላል።

ይሁንና በደም ምርመራ ውጤት ብቻ የሆርሞኑ እጥረት መኖሩን ለመወሰን የሚያስችል ቁርጥ ያለ መለኪያ የለም። የተለያዩ ዓለም አቀፍ የሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2019 በጋራ ባወጡት የአቋም መግለጫ እንደተመለከተው፣ ሕክምናው በበቂ ማስረጃ የተደገፈው ካረጡ በኋላ የወሲብ ፍላጎታቸው በመቀነሱ ለጭንቀት ለተዳረጉ ሴቶች ብቻ ነው። ለድካም፣ ለድብርት ወይም ለመርሳት ችግር እንዲታዘዝ የሚያበቃ ማስረጃ እንዳልተገኘም መግለጫው ያስረዳል።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ በ2020 ለሴቶች የተዘጋጀ ባለ 1 በመቶ ቅባት እንዲሸጥ ፈቅዳለች። የቅባቱ መነሻ መጠን በቀን 5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህም ለወንዶች በተለምዶ ከሚታዘዘው ጄል አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በመሆኑም ለባል የታዘዘን መድኃኒት በግምት መጋራት ለጉዳት ይዳርጋል። መጠኑ ሲበዛ ብጉርና የፊት ፀጉር የሚያስከትል ሲሆን፣ የጎረነነ ድምፅ ደግሞ ወደነበረበት ላይመለስ ይችላል።

ተጠቃሚዋ ሕክምናውን ከመጀመሯ በፊትና ከጀመረች ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ የደም ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል። በ6 ወራት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሕክምናው ይቋረጣል። መድኃኒቱ በንክኪ ወደ ሕፃናት ስለሚተላለፍም እጅን መታጠብና የተቀባውን የሰውነት ክፍል መሸፈን ያስፈልጋል።