የጎማ ግፊት መለኪያዎች፦ ፒ.ኤስ.አይ.ን ወደ ኪሎ ፓስካልና ባር መቀየር

በአብነትና በአካባቢው በሚገኙ ጎሚስታ ቤቶች የጎማ ነፋስ በአብዛኛው የሚጠራው በፒ.ኤስ.አይ. ማለትም በፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። በተሽከርካሪው የሾፌር በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ መግለጫ ግን “220” ወይም “2.2” ብቻ ሊል ይችላል። የመጀመሪያው በኪሎ ፓስካል፣ ሁለተኛው በባር የተገለጸ ሲሆን ሁለቱም ከ32 ፒ.ኤስ.አይ. ጋር እኩል ናቸው። ይህን ባለመረዳት በግምት የሚሞላ ጎማ ለአደጋ ያጋልጣል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ከመጠን በላይ ስለሚግል በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ ነፋሱ የበዛ ጎማ ደግሞ መንገዱን የሚይዘው በመካከሉ ብቻ በመሆኑ የፍሬን አቅምን ይቀንሳል።

የአቀያየር ስሌት

• ፒ.ኤስ.አይ.ን ወደ ኪሎ ፓስካል ለመቀየር በ6.9 ማባዛት፤
• ኪሎ ፓስካልን ወደ ፒ.ኤስ.አይ. ለመቀየር ለ6.9 ማካፈል፤
• ባርን ወደ ፒ.ኤስ.አይ. ለመቀየር በ14.5 ማባዛት፤
• ኪሎ ፓስካልን ወደ ባር ለመቀየር ለ100 ማካፈል።

ለአብነት ያህል፦

• 30 ፒ.ኤስ.አይ. = 207 ኪሎ ፓስካል = 2.1 ባር
• 35 ፒ.ኤስ.አይ. = 241 ኪሎ ፓስካል = 2.4 ባር
• 100 ፒ.ኤስ.አይ. = 690 ኪሎ ፓስካል = 6.9 ባር
• 120 ፒ.ኤስ.አይ. = 827 ኪሎ ፓስካል = 8.3 ባር

በአንዳንድ የጃፓን ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኘው ኪሎ ግራም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከባር የሚለየው በ2 በመቶ ገደማ በመሆኑ ለጎማ አገልግሎት እንደ ባር ሊወሰድ ይችላል።

ሊስተዋሉ የሚገባቸው ነጥቦች

በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ የሚሞላበት መጠን አይደለም። ትክክለኛው መጠን በበሩ መግለጫ ወይም በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ልኬቱ የሚወሰደው ጎማው ሳይግል ነው። በጉዞ የጋለ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ በዚያ ምክንያት ነፋስ መቀነስ አይገባም።

መለኪያው የሚያሳየው የጎማው ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት የሚበልጥበትን መጠን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በጅቡቲ ወደብ 101 ይደርሳል። ስለሆነም በመርካቶ 32 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ በወደቡ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ቀንሶ ይነበባል። የቆላው ሙቀት ከዚህ ጉድለት የተወሰነውን ቢያካክስም ወደ ቆላ የሚወርዱ አሽከርካሪዎች በማግስቱ ጠዋት፣ ከመነሳታቸው በፊት፣ ዳግም ማስለካት ይኖርባቸዋል።

የመለኪያቸውን ትክክለኛነት ማረጋገጥ የሚፈልጉ የጎሚስታ ባለቤቶች የካሊብሬሽን አገልግሎት ለማግኘት ለኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ።