ነጠላና ጨዋነት፦ የክርስቲያን ሴቶች አለባበስ በሕግ፣ በልማድና በስደት

መግቢያ

ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ ጀፕስታውን የሚባል አሮጌ ሰፈር አለ። ሰፈሩ የተቆረቆረው ከተማው ራሱ በወርቅ ምክንያት በተመሠረተበት በ1886 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው ከጀፒ ቤተሰብ ነው። ይኸው ስም መሐል ከተማውን ሰንጥቆ ለሚያልፈው ጎዳናም ተሰጥቶ ስለነበረ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሱቃቸውን የከፈቱበትን አካባቢ በጠቅላላው «ጀፒ» እያሉ ይጠሩታል። ጎዳናው ከ2014 ወዲህ በሕግ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው፤ እርሷም በ1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕግን በመቃወም ወደ ፕሪቶሪያ ባደረጉት ሰልፍ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ወገኖቻችን ግን የለመዱትን ስም አልተዉም።

በጀፒ ከሚሸጠው ሸቀጥ ዋነኛው ልብስ ነው። ሱሪው፣ አጭር ቀሚሱ፣ ሹራቡ፣ ብርድ ልብሱ ከጠባብ ሱቆች ደጃፍ ተንጠልጥሎ ይታያል። እንግዲህ በሳምንቱ ቀናት ሱሪና አጭር ቀሚስ የምትሸጥ፣ አንዳንዴም ራሷ ሱሪ ለብሳ የምትውል እኅት፣ በእሑድ ጧት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከሁለቱ አለባበሶች የትኛው የእርሷ ነው? ከወገኖቿ መካከል «ሱሪ የለበሰች ክርስቲያን አይደለችም» የሚል ቢነሣ፣ የሚናገረው የሃይማኖት ሕግ ነው ወይስ የአገር ልማድ? ይህ ጥያቄ የወሬ ማድመቂያ አይደለም። በስደት ያለች ሴት ከማኅበሯ የምትገፋው ወይም የምትታቀፈው፣ በስደት የተወለደች ልጅም የወላጆቿን እምነት የምትወደው ወይም የምትሸሸው ብዙ ጊዜ በዚሁ በር በኩል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሕጉን ከልማዱ ለይቶ ማሳየት፣ ከዚያም ልማዱ በራሱ ያለውን ክብር ማብራራት ነው።

፩. «ጨዋ» የሚለው ቃል

ሥርዓት ያለውን አለባበስ በአማርኛ «የጨዋ አለባበስ» እንለዋለን። ቃሉ ረጅም ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን «ጨዋ» ማለት የንጉሥ ጭፍራ፣ በየጠረፉ የሚሰፍር ወታደር ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ያልተማረውን፣ ማዕርገ ክህነት የሌለውን ምእመን ያመለክታል። በኋለኛው ዘመን የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ ቁጥብ፣ ምግባረ መልካም የሚል ትርጉም ያዘ። ስለዚህ «የጨዋ ልጅ እንዲህ አትለብስም» ሲባል፣ ንግግሩ ከወንጌል ይልቅ ከማዕርግና ከትውልድ ጋር የተያያዘ ነው። በድሮው ሥርዓት ሸማ የለበሰው ሰው ከማን ፊት እንደቆመ የሚያስታውቅ ምልክት ነበር። ታናሹ ከታላቁ ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡን ይታጠቃል፤ ያደገድጋል። ታላቁ ግን እንደተከናነበ ይቀመጣል። መሸፈንም መገለጥም በቅድሚያ የሥልጣን ቋንቋ ነበሩ ማለት ነው።

፪. መጻሕፍቱ ምን ይላሉ?

ስለ ክርስቲያን ሴቶች አለባበስ በተለምዶ የሚጠቀሱት የሐዲስ ኪዳን ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ የ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2፣ የ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 እና የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ልብስ ርዝመትና ስፋት አንድም ነገር አይናገሩም። የሚነቅፉት ወርቅን፣ ዕንቁን፣ ውድ ልብስንና የጠጉር ሹሩባን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሐዋርያቱ ያሳሰባቸው በጉባኤው መካከል ባለጸጋዋ በድኻዪቱ ላይ የምታሳየው ብልጭልጭታ ነው። ይህን በቀጥታ ቃሉ እንተርጉመው ብንል፣ ከሁሉ በፊት የምትከሰሰው ሹሩባ የተሠራችው ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን በሆነች ነበር። ነገር ግን ሹሩባ ከጥንት ጀምሮ የክርስቲያን ሴቶቻችን ጌጥ ነው፤ በፍልሰታ ጾም ፍቺ በሚከበሩት በአሸንዳና በሻደይ በዓላት ልጃገረዶች በልዩ ልዩ ሹሩባ ተውበው ይወጣሉ፤ ጠጉሯን በመሠራቷ ከሃይማኖት ወጣሽ የተባለች የለችም። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን ቃላት ከመንፈሳቸው አንጻር እንጂ ፊደላቸውን ብቻ ይዛ አላነበበቻቸውም ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍል በጸሎት ጊዜ ሴት ራሷን እንድትሸፍን፣ ወንድ ግን እንዲገልጥ ያዛል። ቆሮንቶስ የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች፤ በሮማውያን ዘንድ ያገባች ሴት ከራሷ ላይ የምትጥለው መጐናጸፊያ የባለትዳርነቷና የክብሯ ምልክት ነበር። ሐዋርያው ማስረጃውን ከፍጥረት ጀምሮ ይዘረዝርና በመጨረሻ ነገሩን የሚቋጨው አብያተ ክርስቲያናት ካላቸው ልማድ ላይ በመደገፍ ነው። የእኛም ካህናት ጥምጥም ጠምጥመው በቤተ መቅደስ መቆማቸው፣ ይህ ክፍል በየአገሩ ሥርዓት አማካይነት ሲፈጸም እንደኖረ ያመለክታል።

ከብሉይ ኪዳን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ነው። ክልከላው ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብስ ነው። ነገር ግን የወንድ ልብስ የትኛው ነው የሚለውን የሚወስነው አገርና ዘመን ነው። በሐረር ከተማ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ መልበሳቸው የታወቀ ባህል ነው፤ በዚያ ሱሪው የጨዋነት ምልክት እንጂ የወንድነት አይደለም።

ከሐዋርያት በኋላ የተጻፉትን ስንመለከት፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት እንደተዘጋጀ የሚታመነውና ወደ ግእዝ የተመለሰው ዲድስቅልያ ሴቶችን በአደባባይ እንዲከናነቡና ለማጥመድ ብለው እንዳያጌጡ ይመክራል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከዚያ አስቀድሞ ወንዶችንም በዚያው መጠን መገሠጹ ነው፤ ጠጉራቸውን እያሳመሩ፣ የተጌጠ ልብስ እየለበሱ የሴትን ዓይን እንዳይስቡ ያዝዛቸዋል። በየስብከቱ የምንሰማው የመጽሐፉ ግማሽ ብቻ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤ ደግሞ በ20 ቀኖናዎቹ ውስጥ ለሁለቱም ወገን ወሰን አበጀ። በአንድ በኩል በመንኖ ጥራት ስም የወንድ ልብስ የሚለብሱትንና ጠጉራቸውን የሚቆርጡትን ሴቶች አወገዘ፤ በሌላ በኩል የመናኝ ልብስ ለብሰው እንደ ሰው የለበሰውን ሁሉ የሚንቁትን አወገዘ። በልብስ መመጻደቅ በልብስ ከመዘነጥ ያላነሰ ኃጢአት ሆኖ ተቈጥሯል።

፫. ነጠላና ቋንቋው

ሕጉ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ፣ ነጠላ ምን ሥፍራ አለው? መልሱ፣ ነጠላ ሕግ ሳይሆን ቋንቋ ነው የሚል ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ድውሩን የሚሸምነው ወንድ ሸማኔ ነው። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በሽሮ ሜዳ የጋሞ ደጋ ተወላጆች የሆኑት የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፈዋል። ሳሱ ነጠላ፣ ድርቡ ኩታ፣ ወፍራሙ ጋቢ ይባላል።

ቋንቋው ያለው ከአለባበሱ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጫፎቹ በደረት ላይ ተላልፈው በሁለቱ ትከሻ ይጣላሉ፤ ይህም የመስቀል ምልክት ነው። በዚህ ረገድ ወንዱም እንደ ሴቷ አጣፍቶ ይገባል። በኀዘን ጊዜ ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣና ያየ ሁሉ ሳይነገረው «ነፍስ ይማር» ይላል። በአገልግሎት ጊዜ ወገብ ይታጠቁበታል። በበዓል ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ያው አንድ ጨርቅ ሳይቀደድና ሳይሰፋ ጸሎትን፣ ኀዘንን፣ ትሕትናንና ደስታን ይናገራል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ገላን መሸፈን አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

በአንጻሩ የክርስትና መለያ ሆኖ በጥምቀት ጊዜ ለሁሉም የሚታሰረው ማተብ ነው፤ እርሱም ወንድ ከሴት፣ ባለጸጋ ከድኻ አይለይም። ከዓለማዊው ኑሮ በልብስ ፈጽመው የተለዩትን ስንፈልግ የምናገኛቸው እንደ ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) ያሉትን ነው። እርሷ ባሏንና ሹመቱን ትታ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውማ ቆመች። ቆቡን ማንም አላስገደዳትም፤ እንዲያውም የለበሰችው ባሏና ቤተ መንግሥቱ ሳይፈቅዱላት ነው። የክብሩም ምንጭ ይኸው ነው።

፬. የ1960 ዓ.ም. ትምህርት

የሴት ልብስ የሌላ ሰው ጦር ሜዳ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከራሳችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ትርኢቱን የባህል ኢምፔሪያሊዝም መግለጫ አድርገው ተቃወሙት፤ በተሳታፊዎቹ ሴቶች ላይ ስድብና እንቁላል ተወረወረ። ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ትርኢቱን የተቃወሙት ወጣቶች በማርክሲዝም ስም ይናገሩ እንጂ፣ በአጭር ቀሚስ ላይ የነበራቸው ቋንቋ ከአባቶቻቸው ቋንቋ እምብዛም አልራቀም። ተራማጁና ወግ አጥባቂው በሁሉ ነገር ሲለያዩ፣ የሴቲቱን ልብስ በመቈጣጠር ተስማሙ። የገዛ ራሷ አሳብ ምን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

፭. ጀፕስታውን

ከ1994 የአፓርታይድ ፍጻሜ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ከሐድያና ከከምባታ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ሲሆኑ፣ ኦርቶዶክሳውያንም አሉ። አስቀድመው የመጡት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች በብዛት የተከተሉት በጋብቻ ምክንያት ነው። ሴቶች ጥቂት በሆኑበት ማኅበር የእያንዳንዷ አለባበስ የአገር ሰንደቅ ዓላማ ያህል ይቈጠራል። በአገሩ ሹመት፣ መሬት፣ ዕድርና ሽማግሌ የነበረው ወንድ፣ በስደት ሁሉም ሲጠፋበት፣ «ባህላችንን እንጠብቅ» የሚለውን ጥሪ የሚያሸክመው በሚስቱና በልጁ ትከሻ ላይ ነው። እርሱ ግን ጂንስ ሱሪ ለብሶ ይውላል።

ይሁን እንጂ ስደተኛዪቱ የመጣችው አለባበስና እምነት ወደተለያዩበት አገር አይደለም። የደቡብ አፍሪካ የሜቶዲስት ሴቶች የጸሎት ማኅበር፣ ማንያኖ የሚባለው፣ ቀይ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስና ነጭ ቆብ ለብሶ በየሐሙሱ ይሰበሰባል። ኢሳያስ ሼምቤ በ1910 የመሠረተው የናዝሬት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነጭ ልብስ ለብሰው ከአፀድ በታች ይሰግዳሉ። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ ከነጮቹ ሚሲዮን ተለይቶ በፕሪቶሪያ ያቋቋመውን ቤተ ክርስቲያን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ መሰየሙም ይታወቃል። ስለዚህ በእሑድ ጧት ነጭ ለብሳ የምትሄድ ሴት ለጆሃንስበርግ ሰው እንግዳ ትርኢት አይደለችም።

አደጋው ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በፌብሩዋሪ 2008 ከጀፒ ጥቂት መንገዶች ብቻ በሚርቀው በኑርድ ጎዳና የታክሲ ተራ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰች አንዲት ወጣት በወንዶች ተከባ ልብሷ ተገፈፈ፤ ተደፈረች። ድርጊቱን የፈጸሙት ሥርዓት ማስከበራቸው እንደሆነ ተናገሩ። በቀጣዩ ወር ሴቶች አጭር ቀሚስ ለብሰው ወደዚያው ተራ በሰልፍ ሄዱ። ጨዋነትን በኃይል አስከብራለሁ ያለ ወገን ከሁሉ የከፋውን ነውር ራሱ እንደሚፈጽም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል በሜይ 2008፣ በ2015 እና በ2019 በስደተኞች ላይ በተነሣው ጥቃት ጀፕስታውንና አካባቢው ከተጎዱት መካከል ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን የአበሻነት መታወቂያ የሆነው ነጠላ ሴቲቱን ለአሳዳጆቿ ያጋልጣታል። በዚያን ቀን ነጠላዋን አጥፋ በቦርሳዋ የያዘችውን «ሃይማኖቷን ሸሸገች» የሚል ፈራጅ፣ የሚፈርደው በእግሯ ሳይቆም ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የክርስትና ሕግ በአለባበስ ረገድ የሚጠይቀው መጠንን፣ ትሕትናንና ከትዕቢት መራቅን ነው፤ ይህንንም ከወንድም ከሴትም እኩል ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ነጠላ ከዚህ ሕግ ጋር አንድ ባይሆንም ሕጉን በእኛ አገር ድምፅ የሚናገር የከበረ ልማድ ነው፤ ልማድ ነው ማለት ቢጣል ግድ የለም ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ልማዱ የሚጠፋው ሱሪ ስለተለበሰ ሳይሆን፣ ትርጉሙን የሚያስተምር ስለታጣ ነው።

በስደት የተወለደች ልጅ «ልበሺ» ብቻ ስትባል ነጠላን የምታውቀው እንደ ቅጣት ነው። ለምን በደረት ላይ እንደሚጣፋ፣ ለምን በኀዘን እንደሚዘቀዘቅ፣ አያቷ ስንት ልቃቂት ፈትላ አንዱን እንዳስጨረሰች ከነገሯት ግን፣ የምትሸከመው ጨርቅ ሳይሆን ቃል ይሆናል። ወንድሟም አብሯት አጣፍቶ ቢቆም ትምህርቱ ይጸናል። ይህን ማድረግ የካህናት ብቻ ሥራ አይደለም፤ የታሪክና የባህል ተማሪዎች ነን የምንል ሁሉ፣ ሕጉን ከልማዱ እየለየን፣ ልማዱንም እያብራራን ለቀጣዩ ትውልድ የማስረከብ ዕዳ አለብን።