ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተሳቢ ከመግዛትዎ በፊት ማያያዣውን ያስለኩ

ያገለገለ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ምን ምን እንደሚያይ ይታወቃል። ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ይመለከታል፤ የዘይት መለኪያውን ይስባል፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ሊብሬውን ገልጦ ያነባል፤ ከዚያም ከደላላው ጋር ዋጋ ይከራከራል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ያያያዘውን ብረት የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ኻያ ቶን የሚመዝነው ተሳቢ ግን የሚጎተተው ውፍረቱ ከአራትና ከአምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ፒን ነው።

ከጅቡቲ ጭኖ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ይህን ብረት መንገዱን ሙሉ ይፈትነዋል። ዳገት ላይ ተሳቢው ወደ ኋላ ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መኪናውን ከኋላ ይገፋል። ፍሬን በተያዘና በተለቀቀ ቁጥር ጭነቱ አቅጣጫ ይለውጣል። ማያያዣው ክፍተት ከሌለው ይህ ሁሉ መሳብና መግፋት ብቻ ሆኖ ያልፋል። ትንሽ ክፍተት ካለው ግን እያንዳንዱ ለውጥ የመዶሻ ምት ይሆናል። ምቱ ክፍተቱን ያሰፋል፤ የሰፋው ክፍተትም ምቱን ያበረታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሚለቅ ማያያዣ እዚያ ቦታ ላይ አልተበላሸም፤ የተበላሸው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

ታዲያ ገዢ ምን ይመልከት?

አንደኛ፣ ሰሌዳውን ያንብቡ። በመኪናው ማያያዣ ላይ የአምራቹ ስም፣ ዓይነቱና የአቅም ቁጥሮቹ የተቀረጹበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ዋናው ቁጥር «ዲ» በሚል ፊደል የተመለከተውና በኪሎ ኒውተን የሚሰጠው የመጎተት አቅም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 55 የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱና የተሳቢውን ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ በቶን ይያዙ። ሁለቱን አባዙ፤ ለድምራቸው አካፍሉ፤ ውጤቱን በ9.81 አባዙ። ለምሳሌ 26 ቶን መኪና 20 ቶን ተሳቢ ቢጎትት 111 ኪሎ ኒውተን ያህል ይመጣል። ሰሌዳው 120 ካለ ይበቃል፤ 100 ካለ አይበቃም።

እዚህ ላይ ጭነት አብዝቶ መጫን የለመደ ባለንብረት ልብ ይበል። ያው ተሳቢ 26 ቶን ቢሞላበት ስሌቱ ወደ 128 ይወጣል። ትናንት በቂ የነበረው የ120 ማያያዣ ዛሬ ከአቅሙ በላይ ሆነ ማለት ነው። ጎማዎቹ መሃል ላይ ብቻ ለሆኑና ክብደታቸውን በከፊል በማያያዣው ላይ ለሚጥሉ ተሳቢዎች ደግሞ ሰሌዳው ለብቻ የሚሰጣቸው ሌሎች ቁጥሮች ስላሉ እነዚያ ይታዩ። ሰሌዳው ከጠፋ ወይም ቁጥሩ ከተፋቀ የማያያዣው አቅም አይታወቅም። ሻጩ «ስንት ዓመት ጎትቷል» ቢል መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ያስለኩ። የተሳቢው ቀለበት በአብዛኛው ባለ 40 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በአውሮፓ አምራቾች የተለመደው ገደብ ባለ 40ው ሰፍቶ 41.5፣ ባለ 50ው 51.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የውስጥ ቡሹ መለወጥ እንዳለበት ነው። ልዩነቱ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ቶርኖ ቤት ያለ ማንኛውም ባለሙያ ካሊፐር አለውና ይዘውት ይሂዱ። ቀለበቱ የሚበላው ወደሚጎተትበት አቅጣጫ ስለሆነ በዚያ በኩልም በጎኑም ይለካ፤ ፒኑም እንዲሁ። የፒኑን ገደብ ግን ከማያያዣው አምራች መመሪያ ይመልከቱ። ለባለ 40 ቀለበት የተሠራ ማያያዣ ላይ ባለ 50 ቀለበት ያለው ተሳቢ ካገኙ መለካትም አያስፈልግም፤ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ይነቅንቁት። ተሳቢው ተፈትቶ የማያያዣውን አፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመጎተት ይሞክሩ። በዚህ አቅጣጫ የሚሰማ መላወስ ካለ ላስቲኩ አልቋል ወይም የኋላ ዳዶው ላልቷል። ከዚያ ተሳቢው መልሶ ይያያዝ። በብዙዎቹ አውቶማቲክ ማያያዣዎች ላይ ፒኑ በትክክል መውረዱን የምታሳይ ትንሽ ምልክት አለች። ወደ ውጭ ወጥታ ከቀረች አልተቆለፈም።

አራተኛ፣ ቀለሙን ይጠርጥሩ። መኪናው አሮጌ ሆኖ ማያያዣው ብቻ ትኩስ ቀለም ከተቀባ ለምን ብለው ይጠይቁ። የሽቦ ብሩሽና ባትሪ ይያዙ። ማያያዣው የታሰረበትን የሻንሲ ተሻጋሪ ብረት፣ ማዕዘኖቹንና የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስጠርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። በቡሎን ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ ቡሎኑ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። የጎደለ ቡሎን፣ ከሌሎቹ የተለየ ቡሎን ካለ ይመዝግቡ።

ከሁሉ የከፋው ብየዳ ነው። የማያያዣው አፍ፣ ፒኑና የተሳቢው ቀለበት በእሳት ተቀጥቅጠው ጥንካሬ እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው። ኤሌክትሮድ ሲነካቸው ያንን ጥንካሬ ያጣሉ፤ ከውጭ ግን ከበፊቱ የወፈሩና የጠነከሩ ይመስላሉ። ስለዚህ አምራቾች ብየዳ ይከለክላሉ። በእነዚህ ክፍሎች ላይ የብየዳ መስመር ካዩ ዕቃው ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

አምስተኛ፣ የመጨረሻውን መከላከያ ይፈትኑ። ባለ ሁለት የአየር ቱቦ ተሳቢ ድንገት ቢለይ አየር አቅራቢው ቱቦ ሲበጠስ ፍሬኑ በራሱ መያዝ አለበት። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸው፣ መካኒክዎ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነውን ይህን ቱቦ ይፍታ። ተሳቢው ወዲያው ካልያዘ፣ ማያያዣው የቱንም ያህል ደህና ቢሆን ያ ተሳቢ ለመንገድ አልደረሰም።

ይህን ሁሉ ለመመልከት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጉዳቱ ግን በንብረት አያበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ከፊርማው በኋላ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ «ማያያዣው ከጥንት የተበላ ነበር» ቢሉ ለሟች ቤተሰብ መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የተለካው ቁጥር፣ የሰሌዳው ንባብና የታየው ጉድለት በጽሑፍ ይያዝ። ቡሹና ፒኑ ብቻ ያለቁ እንደሆነ የመለወጫው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ። ተሻጋሪው ብረት ከተሰነጠቀ ወይም ቀለበቱ ከተበየደ ደግሞ ሻጩ በአዲስ ለውጦ ካላስረከበ መኪናውን ይተዉት። ደላሎችም ቢሆኑ ይህን ወረቀት ቀድመው ቢያዘጋጁ ይጠቅማቸዋል። ተለክቶ የቀረበ ተሳቢ ክርክር ያሳጥራል፤ ኮሚሽን ከተበላ በኋላ የሚመጣ ስሞታንም ያስቀራል። ሻጭ ማስለካቱን እምቢ ካለ ግን ገዢ መልሱን አግኝቷል።