የላስታን ዳገት የሚችል ማርሽ

በላስታ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን የተቀመጠች በመሆኗ፣ በውስጧም ሆነ ወደ እሷ በሚያስገቡት መንገዶች ዳገት ሳይወጡ ወይም ቁልቁለት ሳይወርዱ መሄድ አይቻልም። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት የሹምሸሃ ሜዳ ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ተነሥቶ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ይህም ከፍታ በመንገዱ ላይ እኩል የተከፋፈለ ሳይሆን በአንዳንድ ጠመዝማዛ ቦታዎች ላይ የተከማቸ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ነገር የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗልና፣ ከእነዚህ ሁሉ በዋጋም በክብደትም የሚያንሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የላስታን ዳገት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከፍታው ራሱ ለኤሌክትሪክ የሚያደላ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በላሊበላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ደረጃ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ቤንዚን የሚያቃጥል ተራ ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም አብሮት ይቀንሳል፤ ፔዳል የሚረግጠው ሰውም እንዲሁ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለሥራው አየር ስለማያስፈልገው፣ ላሊበላ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው አያንስም። የእሱ ጠላት ሙቀት ነው፤ የማርሽ ምርጫም ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገዢዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የሞተሩን ዋት፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ የሚሠራውን ሥራ መጠን ነው፤ ዳገት ላይ ግን ከዋቱ ይልቅ ወሳኝ የሚሆነው ጎማውን የሚያዞረው የመጠምዘዝ ኃይል፣ መካኒኮች ቶርክ የሚሉትና በኒውተን ሜትር የሚለካው ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 25 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና 20 ኪሎ ጭነት በድምሩ 110 ኪሎ ሆነው በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ሻካራ ዳገት ላይ ቢሄዱ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው የኋላ ጎማ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትና ወደ ፊት እንዲገፋ 44 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ፍላጎቱ ወደ 62 ያሻቅባል።

ይህን ኃይል ለጎማው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ያሉ ሲሆን፣ ሁለቱም አዲስ አይደሉም። አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠራ መብት ያገኘበት ብስክሌት ሞተሩን በኋላ ጎማ መሃል ላይ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሆሲያ ሊቢ የተባለው የቦስተን ሰው ሞተሩን ወደ ፔዳሉ ዘንግ አመጣው። በጎማው መሃል ያለ ሞተር በብስክሌቱ ማርሽ አይጠቀምም፤ ጎማው በዝግታ ሲዞር ሞተሩም አብሮት በዝግታ ይዞራል። በሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተሠራ እንዲህ ያለ ሞተር ዳገት ላይ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ ከባትሪው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ድርሻው ወደ እንቅስቃሴ ሳይሆን ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንዳንዶቹ በሆዳቸው ውስጥ ፍጥነት የሚቀንሱ ትንንሽ ጥርሶች አሏቸው፤ እነዚህ ከብረት ይልቅ ከናይለን ሲሠሩ ረጅም ዳገት ላይ በሙቀት ለስልሰው ይበላሉ።

በፔዳሉ ዘንግ ላይ ያለ ሞተር ግን ጉልበቱን በሰንሰለቱ በኩል ስለሚያስተላልፍ፣ ሰውየው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሞተሩም ማርሽ ይቀይራል። ማርሽ የሚለው ቃል፣ እንደ ካምቢዮና ፍሬን ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በብስክሌት ላይ ትርጉሙ በፊት ጥርስና በኋላ ጥርስ ቁጥር መካከል ያለው ዝምድና ነው። 80 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር ፊት 34 ጥርስ፣ ኋላ 11 ጥርስ ላይ ቢሠራ ጎማው ጋ የሚደርሰው 26 ኒውተን ሜትር ብቻ ስለሆነ ከላይ የተጠቀሰውን ዳገት ብቻውን አይወጣም፤ ሰንሰለቱ ኋላ ወዳለው ባለ 46 ጥርስ ሲዛወር ግን ያው ሞተር 108 ይሰጣል። ለላስታ ብስክሌት የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ከዋቱ በፊት ጥርስ መቁጠር አለበት፤ የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊተኛው ካልበለጠ ብስክሌቱ ለሜዳ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ፊት 44፣ ኋላ ቢበዛ 28 ጥርስ ያለውን ተራ ብስክሌት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የሚነዳ ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 29 ጊዜ ብቻ እያዞረ ጉልበቱን ሲጨርስ፣ ባለ 34ና 46ቱ በዚያው ፍጥነት 60 ጊዜ ያህል እያዞረ፣ እግሩም ሞተሩም ሳይጨነቁ ይወጣል።

ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ አለ። የሰውና የሞተር ጉልበት ተደምሮ በአንድ ቀጭን ሰንሰለት ላይ ሲያርፍ ሰንሰለቱ ቶሎ ይለጠጣል፣ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ሲጨመርበትም ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል፤ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አካባቢ ትርፍ ሰንሰለት አብሮ መግዛት የቅንጦት አይደለም።

የወጣ መውረዱ አይቀርምና፣ ከሹምሸሃ እስከ ላሊበላ 110 ኪሎን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ የሚጠፋው 150 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት በመልስ ጉዞ ከፊሉ የሚወጣው በፍሬኑ ሙቀት ነው። በውስጡ ጥርስ የሌለው የጎማ መሃል ሞተር ቁልቁለት ላይ እንደ ፍሬን ሆኖ ከዚህ ጥቂቱን ለባትሪው ሊመልስ ይችላል፤ በፔዳል ዘንግ ላይ ያለው ይህን ስለማይችል የዲስክ ፍሬኑና ሸራው ጠንካራ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ብዙዎችን ዳገት መሃል ላይ ያስቸግራል። ተራው የማርሽ መቀየሪያ የሚሠራው ሰንሰለቱ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን እህል የጫነች አህያ ድንገት መንገድ ስትዘጋበት በከባድ ማርሽ ላይ እንዳለ የቆመ ሰው መነሣት ያቅተዋል፤ ማርሹ በኋላ ጎማው ሆድ ውስጥ የተሸፈነ ብስክሌት ግን ቆሞም ይቀየራል። ስለዚህ ገዢ ብስክሌቱን በሜዳ ሞክሮ አይርካ፤ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ከኋላ አስሮ ቀጥ ያለ ዳገት ይውጣ፣ መሃል ላይ ይቁም፣ ከዚያው ለመነሣት ይሞክር፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከወጣ በኋላም መዳፉን ወደ ሞተሩ ሽፋን አስጠግቶ ምን ያህል እንደጋለ ይወቅ።