የዊሊያምስ ቱቦ፦ በመስታወት ላይ የተጻፈ ሜሞሪ

የቫልቭ ሜሞሪ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ቁጥርና ትእዛዝ የሚያስቀምጡበት፣ አየሩ ተመጦ የወጣ የመስታወት ዕቃ ነው። ቫልቭ ራሱ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዳንቴል ለብሰው ሳሎን ውስጥ ይቀመጡ የነበሩት የግሩንዲግና የፊሊፕስ ሬዲዮኖች የሚሠሩት በእሱ ነበር። ሁለት ቫልቮችን አጣምሮ አንድ ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ማስያዝ ይቻላል። ኤኒያክ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር (1946 እ.ኤ.አ.) በዚህ መንገድ ሄዶ ወደ 18,000 ቫልቮች ቢፈጅም፣ በቫልቮቹ ይዞ ማቆየት የሚችለው እያንዳንዳቸው ባለ 10 አሃዝ የሆኑ 20 ቁጥሮችን ብቻ ነበር።

ከዚህ ብክነት የገላገለው የዊሊያምስ ቱቦ ነው። የሠሩት ፍሬዲ ዊሊያምስና ቶም ኪልበርን ሲሆኑ፣ ሥራው በ1946 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፍሬ አፈራ። ዕቃው ለራዳር የተሠራ ተራ የስክሪን ቱቦ ነው። ከቱቦው አንገት የሚነሳው የኤሌክትሮን ጨረር የስክሪኑን ውስጠኛ ፊት ሲመታ፣ በነጥቡ ላይ ካረፉት ኤሌክትሮኖች ይልቅ ከስክሪኑ ቅብ ተፈናጥረው የሚወጡት ይበልጣሉ። ነጥቡም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፈረ እንደ ማለት ነው። ጨረሩ ወዲያው አጠገቡ ያለውን ቦታ ከመታ ደግሞ፣ ከዚያ የሚፈናጠሩት ኤሌክትሮኖች የቀድሞውን ጉድጓድ ይደፍኑታል። የተቆፈረውና የተደፈነው ነጥብ «አንድ» እና «ዜሮ» ይሆናሉ። ከስክሪኑ ውጭ የተለጠፈ የብረት ሳህን ጨረሩ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረውን ለውጥ ያነባል።

አንድ ችግር ግን ነበር፦ ጉድጓዱ ሰከንድ ሳይሞላው ይጠፋል። የዊሊያምስና የኪልበርን ትልቁ ሐሳብም መስታወቱ ሳይሆን ለዚህ ያገኙት መላ ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ነጥብ ሳይደበዝዝ ያነበዋል፣ ያነበበውንም እዚያው መልሶ ይጽፈዋል፤ ይህንኑ ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ፍም እንዳይከስም በየጊዜው እንደሚራገብ ማለት ነው። ራሱ ከሚፈስ ዕቃ የማይፈስ ሜሞሪ መሥራት ተቻለ። ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ጊዜያዊ ሜሞሪም የሚኖረው በዚሁ መላ ነው፤ በሲሊከን ላይ ያለው ሙል ስለሚፈስ በየሰከንዱ በርካታ ጊዜ ይነበባል፣ ይታደሳል። ይህን ውለታ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ጁን 21 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. «ቤቢ» የተባለው የማንቸስተር ማሽን በገዛ ሜሞሪው ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ሜሞሪው አንድ ቱቦ ነበር፤ 32 ረድፍ፣ በየረድፉ 32 ነጥብ፣ በድምሩ 1,024 ቢት። ፕሮግራሙ 17 ትእዛዞች ነበሩት፤ 262,144ን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ከራሱ በታች ያለ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ለማግኘት 52 ደቂቃ ወሰደበት። አይ.ቢ.ኤም. በ701 ኮምፒውተሩ ላይ 72 እንዲህ ያሉ ቱቦዎችን ተጠቅሟል።

ብዙዎች ግን ሜሞሪው የቱ እንደሆነ ይሳሳታሉ። በእነዚህ ማሽኖች ፎቶግራፍ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች የሚያበሩበትን ስክሪን አይተው «ሜሞሪው ይኸው» ይላሉ። ሜሞሪውን የያዘው ቱቦ ግን ፊቱ በብረት ሳህን የተሸፈነ ስለሆነ አይታይም። የሚታየው ያንኑ ይዘት ለሰው ዓይን የሚያሳይ ሌላ ቱቦ ነው። ብርሃኑም ቢሆን ምልክት እንጂ ማኅደር አይደለም፤ የሚያስታውሰው ሙሉ ሳይሆን ሙሉን የሚያድሰው ዑደት ነው።

የድሮ ቱቦ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚመኙት ግን ሌላውን የሜሞሪ ቱቦ፣ ሴሌክትሮንን ነው። ያን ራይክማን በአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ የነደፈው ለሜሞሪ ብቻ የታሰበ ቱቦ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ቀለበቶች በኤሌክትሮን ዝናብ ሥር ሆነው ሁኔታቸውን ራሳቸው ስለሚጠብቁ፣ እንደ ዊሊያምስ ቱቦ መታደስ አያሻቸውም። በመጀመሪያ የታቀደው 4,096 ቢት ነበር፤ አሠራሩ ስለከበደ ወደ 256 ወረደ። ራንድ ኮርፖሬሽን ከሠራው ጆኒያክ በቀር ሌላ ኮምፒውተር አልተጠቀመበትም፤ ብርቅ ያደረገውም ይኸው ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማግኔት ቀለበት ሜሞሪ መጥቶ ሁለቱንም ከሥራ አስወጣ።

የዊሊያምስ ቱቦን በመስታወቱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ተራ የራዳር ቱቦ ነውና። ማስረጃው የብረት ሳህኑ፣ መከለያው፣ ማጉያው ሰርኪዩትና ከየትኛው ማሽን እንደወጣ የሚናገረው ሰነድ ነው። ሳህኑን «ቆሻሻ ብረት» ብሎ ነቅሎ የሚጥል ሰው ሜሞሪውን ጥሎ ጠርሙሱን አስቀረ። በቫልቭ ላይ የታተመውን ቁጥር በሳሙና የሚፈትግም ጥፋቱ ትንሽ አይደለም፤ ጽሑፉ በቀላሉ ይለቃል፣ ከለቀቀም አይመለስም። በብዙ ቫልቮች ውስጥ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቅብ አለ፤ ይህ ቅብ ከነጣ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ሴሌክትሮን ምናለሽ ተራ ላይ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የዊሊያምስ ቱቦ የቅርብ ዘመድ ግን በጳውሎስ ሰፈር ጓዳዎች ውስጥ ቁራሌውን ይጠብቃል፤ ጀርባው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥን። ጨረሩ የሚመራበት መንገድ ቢለያይም፣ ጠባዩ አንድ ነው። ለመዳቡ ሲባል በመዶሻ መስበር አደገኛ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ስብርባሪው በኃይል ይፈናጠራል። ከተነቀለም በኋላ ቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚያነሳው ሰው አንገቱን ሳይሆን ሰፊውን ፊት ከሥር ደግፎ ይያዝ፤ ሲያስቀምጠውም ስክሪኑን ወደ ታች አድርጎ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ያሳርፈው።